የወፍ ጠባቂው ልጅ ሥራ ምንድን ነው?

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ከመካከላችን በሞት የተለዩንን ወገኖቻችንን ክርስቲያኑ በጸሎቱ፣ እስላሙ በዱዓው እንዲያስባቸው እንለምናለን። ቅሬያችን ለሁለቱም የሚነፋው ጥሩንባ አንድ ነውና።

ኮሚቴው በዚህ ስብሰባ ላይ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ሲያዘን፣ እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን፣ ዕድሜያችንንም በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የፈጀን ሰዎች ስለ ምን እንናገር ብለን ተጨንቀን ነበር። ኋላ ግን ባለፈው ወር ቡና ላይ የተነሣ አንድ ነገር ትዝ አለን። ከአባሎቻችን አንዷ እናት ልጇ በመንገድ ሥራ ላይ እንደተቀጠረ ስትናገር፣ ጎረቤት «ምን ሆኖ?» ብሎ ጠየቀ። «የአካባቢ ተቆጣጣሪ ነው አሉኝ፤ ዛፍ ላይ አንጋጦ ያይና ይጽፋል» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። «አይ ጊዜ! በዲፕሎማ ወፍ ጠባቂ ተኾነ?» የሚልም አልጠፋ። እርሷም አብራ ሳቀች፤ ነገር ግን ነገሩ እንዳልተዋጠላት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። የዛሬው ንግግራችን ለእርሷና እንደ እርሷ ልጆቻቸውን ለላኩ ወላጆች መልስ እንዲሆን ነው።

በርግጥ እኛም በልጅነታችን ወፍ ጠባቂዎች ነበርን። ማማ ላይ ወጥተን፣ ወንጭፍ እያጮኽን ማሽላውን ከወፍ ጠብቀናል። የዛሬው ልጅ ግን የሚጠብቀው ወፉን ከእኛ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ለዚህስ ገንዘብ የሚከፍል ሰው እንዴት ተገኘ? ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ በኩል ወደ አስመራ የሚያልፈውን መንገድ ሲያሠራ፣ ይህ ዛፍ የስንት ዘመን ነው፣ ይህ ምንጭ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን፣ የመሐንዲሱ ጭንቀት መንገዱ እንዲደርስ እንጂ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ፍጡር አልነበረም። ሰዉም አይፈርድበትም፤ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ደሴ የሚወርድ ሰው መንገድ ሲመጣለት ስለ ወፍ ምን ግድ አለው?

በኋላ ግን ሕግ መጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ በመንግሥትና በክልል ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ወጣ። ይኸውም ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያስከትለው ጉዳት በባለሙያ እንዲጠና፣ ወጪውም በባለሥራው እንዲሸፈን፣ ጉዳቱ የሚነካው ሕዝብ አስተያየቱ እንዲሰማ፣ ሥራው ከተጀመረም በኋላ የተገባው ቃል መፈጸሙ እንዲታይ የሚያዝ ነው። እንግዲህ «እንዲታይ» ከተባለ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። የእናትየዋ ልጅ የተቀጠረው ለዚህ ዓይንነት ነው።

በተለይ በእኛ አገር ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ሐይቃችን መውጫ የለውም። ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ውኃ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ በወንዝ ሆኖ አይወጣም። ስለዚህ ከመንገድ ሥራ ተገፍቶ በጎርፍ የገባ አፈር እዚያው ይቀራል፤ የፈሰሰ ዘይትም እንዲሁ። በሌላ አገር ወንዝ አጥቦ ይወስደዋል የሚባለው ነገር ለሐይቅ ሰው አይሠራም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ከሌላ ስፍራ መጥቶ በሐይቃችን ተጨመረ። ለአጥማጁ እንጀራ ሆነ፤ ይህን አንክድም። ይሁን እንጂ ውኃውን ያጠኑ ምሁራን ከዚያ በኋላ የሐይቁ ጥራት መቀነሱን መዝግበዋል። ይህንስ በምን አወቁት? ዓሣው ሳይገባ በፊት ውኃውን ለክቶ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ሽማግሌው «ድሮ ውኃው ጥሩ ነበር» ይላል፤ ወጣቱ «የሽማግሌ ወሬ ነው» ይላል፤ ነገሩም በክርክር ይቀራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እኛ ከመንገድ ሥራ ካምፕ ቢሮ ሆነን ስላየነው በዝርዝር እንናገራለን።

ሥራው የሚጀምረው ማሽን ከመነሣቱ በፊት ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ልጁ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ብርቱካናማ ሰደርያውን ደርቦ፣ ቀያሾች ከተከሉት ችካል እስከሚቀጥለው ችካል በእግሩ ይሄዳል። ከፊቱ ዛፍ ካለ ዞሮ ያየዋል። በግንዱ ላይ ያለው ሽንቁር የንብ ነው ወይስ የወፍ? ንብ ከሆነ ለኦፕሬተሩም ሕይወት ያሰጋል። ወፍ ከሆነች ደግሞ ምልክት አላት፤ በአፏ ሣር ይዛ ከገባች ጎጆ እየሠራች ነው፤ ትል ይዛ ከገባች ግን ጫጩት አላት ማለት ነው። ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ጥቂት ሳምንት ቢሆን ነው። በዛፉ ላይ ቀለም ይቀባል፣ ለፎርማኑ ይነገረዋል፤ ዶዘሩ ሌላ ቦታ ሠርቶ ይመለሳል። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ወደ አገራችን ሐይቆች ስለሚወርዱ በዚያ ወራት በውኃ ዳር የሚሠራ ሰው ይበልጥ ይጠነቀቃል።

ቀጥሎ ትናንት ተቆፍሮ ያደረውን ቦይ ያያል። ጃርት፣ ዔሊ፣ እንቁራሪት፣ አንዳንዴም የሰው ፍየል ገብቶ ያድራል። ስለዚህ ቦይ ሳይደፈን የሚያድር ከሆነ አንዱ ጫፍ ተዳፍቶ፣ ወይም ሳንቃ ተጋድሞ መውጫ እንዲኖረው ያሳስባል። ቱቦ ከመቀበሩ በፊትም በሁለቱም ጫፍ ያያል፤ እባብ ጥላ ይወዳልና። ከቆመ ገልባጭ ሥርም ጎንበስ ብሎ ያያል። ይህን ስናይ እኛም ስቀን ነበር። በኋላ እንደተረዳነው ግን በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ዔሊ ከፀሐይ ለመሸሽ ከመኪና ሥር ስለምትገባ፣ ሠራተኛው ሁሉ መኪናውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ጎማውን ጎንበስ ብሎ የማየት ግዴታ አለበት። በዚያ አገር ሊጠፉ የተቃረቡ ፍጥረታትን የሚጠብቅ ሕግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ከወጣ ወዲህ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ተቆጣጣሪው ማሽን የማስቆም ሥልጣን የሚሰጠው ጊዜም ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ ውኃው ይወርዳል። የሲሚንቶ ማቡኪያው የት ታጠበ? እጥቢው ወንዝ ከገባ ዓሣና እንቁራሪት ይፈጃል። ከማሽን ዘይት አንጠባጥቧል ወይ? ካንጠባጠበ አሸዋ ይነሰነስበትና ከነአፈሩ ተዝቆ ይነሣል። የተቆረጠው አፈር ወዴት እየተደፋ ነው? ወደ ተፈቀደለት ስፍራ ነው ወይስ ነዳጅ ለመቆጠብ ወደ ገደሉ?

በመጨረሻም ቅጽ ይሞላል። ቀን፣ ሰዓት፣ ኪሎ ሜትር፣ ያየው ነገር፣ የነገረው ሰው፣ የተደረገው ነገር፣ ፊርማ። እንግዲህ ሥራው ይኸው ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ፀሐዩ ብዙ ነው፤ ሾፌሩ ያሾፍበታል። እንደ ካሊፎርኒያው ባልደረባው ማሽን የማስቆም ሥልጣንም በእጁ የለም፤ ለበላዩ ይናገራል፣ የበላዩ ያስቆማል ወይም አያስቆምም።

የተከበራችሁ አባላት፤ እስከዚህ የተናገርነው የሌላ ሰው ሥራ ነው። አሁን ስለ ራሳችን እንናገራለን፤ ይህንንም ስንናገር ቀላል ሆኖልን አይደለም።

በ2003 ዓ.ም. በአምባሰል በኩል በሚሠራ አንድ መንገድ ላይ፣ በካምፑ መዝገብ ቤት ሦስት ጸሐፊዎች ነበርን። የሚመጣውን ደብዳቤ «ገቢ» ብለን በማኅተም መትተን፣ ቁጥር ሰጥተን ለኃላፊው እናቀርባለን። በዚያው ካምፕ ከግብርና ኮሌጅ በተፈጥሮ ሀብት የተመረቀ አንድ ወጣት ነበር፤ የካምፑ ሰው «ኢንቫይሮመንቱ» ይለዋል። በሰኔ መጨረሻ ግማሽ ገጽ የምትሆን ማስታወሻ ይዞ መጣ። ነገሩ ባጭሩ፣ ከላይ የተቆረጠው አፈር ወደ ቁልቁለቱ እየተደፋ ነው፣ ከሾላው ሥር ካለው ምንጭ የቀረው 30 ሜትር ያህል ነው፣ ክረምቱ ከገባ ይደርሳል፣ ስለዚህ አፈሩ በመኪና ተጭኖ ወደ ተመደበለት ስፍራ ይሂድ የሚል ነበር። ከምንጩ የአንድ መንደር ሰው ይቀዳል።

ኃላፊው ለሥራ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። እኛም ማኅተም መታን፣ ቁጥር ሰጠን፣ ማኅደር ውስጥ ከተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ወረቀቱ በዚያ ጠረጴዛ ላይ 9 ቀን ተኛ። ለፎርማኑ አንድ ቃል መንገር እንችል ነበር፤ ፎርማኑ በየቀኑ ከእኛ ጋር ሻይ ይጠጣል። ለምክትሉ ማሳየትም እንችል ነበር። «በስሙ የመጣ ደብዳቤ ነው፣ ሥርዓቱ አይፈቅድም» ተባባልን። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ ሥርዓት አልነበረም፤ የወፍ ጠባቂ ወረቀት ምን ያጣድፋል ብለን ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ፣ በአንድ ሌሊት የወረደ ዝናብ አፈሩን ከነድንጋዩ ይዞት ወረደ። ጠዋት ስንሄድ ከሾላው ላይኛው ቅርንጫፍ በቀር የሚታይ አልነበረም። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ከጭቃው ዳር ቆመዋል። አንዲት አሮጊት ምንም ሳይናገሩ ጀሪካናቸውን ደፍተው ተቀመጡበት። ያን ያህል ሰው ቆሞ ድምፅ አልነበረም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ መኪና በመኪና ላይ መጣ። «ለምን አልተነገረንም? ተቆጣጣሪው የት ነበር?» ተባለ። ነገሩ በወጣቱ ላይ ሊያርፍ ሆነ። በዚያ ቀን አንድ የበላይ ወደ ቢሮአችን ገብቶ «የዚያን ወረቀት ገቢ ቀኑን ከዝናቡ በኋላ አድርጉት» አለን። አላደረግነውም። ታዲያ ይህን ጀግንነት ብላችሁ እንዳትወስዱልን። የገቢ መዝገብ ቁጥር ተከታታይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ገብቶ ገጹ ሞልቷል፤ ብንፈልግም የምንሰነቅርበት መሥመር አልነበረም። መዝገቡ ተገልጦ ቀኑ ታየ፤ ወጣቱ ነጻ ወጣ። «ይህ ወረቀት 9 ቀን የት ነበር?» ብሎ እኛን የጠየቀን ግን አልነበረም። እኛም ሳንጠየቅ አልተናገርንም።

ምንጩ በኋላ በማሽን ተቆፈረ። ውኃው ወጣ፤ ግን ዝቅ ብሎ፣ ቀጥኖ ወጣ። የካቲት ሲገባ ይደርቅ ነበርና ሴቶቹ ሌላ ሩቅ ምንጭ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ከዚያ መንደር መጥተው ቅሬያችን ውስጥ የገቡ ሰዎች ዛሬ በዚህ ስብሰባ ላይ አሉ። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ስናገኛቸው ሰላምታ እንሰጣለን፤ ይህን ግን አልነገርናቸውም። ዛሬ በሁላችሁ ፊት እንናገራለን። ሦስት ነበርን ብንልም ማኅተሙን የመታው፣ ማኅደሩንም የዘጋው የእኛ እጅ ነው። ይቅርታችሁን እንለምናለን።

ወጣቱ የኮንትራት ጊዜው ሲያልቅ ለመሰናበት ቢሮአችን መጣ። ፊቱን ማየት ከብዶን «ልጄ፣ አጠፋን» አልነው። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እኔም አጥፍቻለሁ። ወረቀቱን ከሰጠሁ በኋላ ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በነጋታው መጥቼ ምን ደረሰ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ እናንተም ትነሡ ነበር» አለን። የጥፋታችንን ግማሽ ሊሸከምልን ፈልጎ እንደሆነ ገብቶናል። ቢሆንም የተናገረው እውነት ነው፤ ዛሬም በዚህ ሥራ ላሉ ልጆቻችን የምንሰጠው ምክር ከዚሁ የተቀዳ ነው።

አንደኛ፣ ያያችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ። ለነገ ያደረ ነገር ግማሹ ይረሳል፤ ግማሹ ይጨመርበታል።

ሁለተኛ፣ የጻፋችሁትን በሁለት ቅጂ አድርጉ፤ የተረከበው ሰው በቅጂው ላይ ይፈርምላችሁ። መዝገብ ባይኖር ያ ወጣት በሐሰት ይቀጣ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ሰጥታችሁ አትቀመጡ። በነጋታው ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በሠልስቱም ጠይቁ። ነዝናዛ ቢሏችሁ ግድ የለም።

አራተኛ፣ ሳትሄዱ «ምንም አልታየም» ብላችሁ አትፈርሙ። በቅጹ ላይ በጣም ቀላሉ ቃል ይህ ነው፤ በጣም የሚያስጠይቀውም ይህ ነው። ሄዶ ምንም ያላየ ሰው እውነት ጻፈ፤ ሳይሄድ የጻፈ ግን በሐሰት መሰከረ።

አምስተኛ፣ የአገሩን ሽማግሌ ጠይቁ። ምንጩ በበጋ የት እንደሚወርድ፣ ዛፉ የስንት ዘመን እንደሆነ በኮሌጅ አልተማራችሁትም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ ያለውን ዛፍ ያቆየው ተቆጣጣሪ አይደለም፤ ከ13ኛው መቶ ዓመት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ ስፍራውን የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ዕውቀቱ በአገር ውስጥ አለ፤ የሚጽፈው ሰው ነው የጎደለው።

ለወላጆች የምንለው ደግሞ አጭር ነው። ልጃችሁ ይህን ሥራ ሲይዝ አትሳቁበት። እኛ ስቀንበት ምን እንዳመጣ ሰማችሁ። ማታ ሲገባ «ዛሬ ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚጠይቀው ሰው ያለው ልጅ አይቶ ዝም አይልም።

ስለ ቅሬያችንም አንድ ሐሳብ አለን። በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሀራ ገበያ የሚሄደው የባቡር መንገድ ሥራ መጀመሩን ታስታውሳላችሁ። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ ጋን፣ ሌላም ሥራ ወደፊት ወደ ሰፈራችን መምጣቱ አይቀርም፤ መጥላትም አይገባንም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ በመጣ ጊዜ ቅሬው ሁለት አዋቂ ሰዎችን መርጦ ከተቆጣጣሪው ልጅ ጋር አንድ ቀን በእግር ቢያስኬድ ምን ይጎዳናል? የቅሬ ሰው አፈር ያውቃል። መቃብር ስንቆፍር የት ድንጋይ እንደሚገጥመን፣ የት ውኃ እንደሚወጣብን እናውቃለን። ያረጁ መቃብሮች የት እንዳሉም ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ያወቅነውን ለልጁ እናሳየው፤ እርሱ ይጻፈው፤ አንዱን ቅጂ ቅሬው በመዝገቡ ያስቀምጠው። ለመዝገቡ ጸሐፊ ቢያስፈልግ እኛ ያለ ክፍያ እንሠራለን። ወረቀት እንደማናስተኛ ከእንግዲህ ቃል እንገባለን።

ኮሚቴው ይህን ሐሳብ በአጀንዳ ይዞ እንዲወያይበት በአክብሮት እንጠይቃለን። ምንጫችሁን አያድርቅባችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕርግ ያብቃላችሁ። ለክርስቲያኑ እግዚአብሔር፣ ለእስላሙ አላህ፣ ለሁላችንም አንዱ ፈጣሪ መጪውን ዓመት የጤናና የሰላም ያድርግልን።